አባዶ ወይስ ለገጣፎ? ቤት ስትገዙ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ከምን ቆጠራችሁት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን ስጽፍ አምስት ስድስት ሰው ቢመልስልኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ የመልሶቹ ክር ግን 33 ደረሰ። ዘግይተው የገቡት ከላይ ጀምሮ ማንበቡ ስለከበዳቸው የጠየቅሁትንም የተመለሰልኝንም በራሴ አነጋገር እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም። ያጣመምሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ። በመሀል የጎደሉትን ቁጥሮች ግን እኔ አላጠፋኋቸውም፤ ያነሷቸው የመድረኩ ኃላፊ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገርጂ በኪራይ ስንኖር ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ወንዱ ልጃችን በመስከረም 5ኛ ክፍል ይገባል፣ ሴቷ 1ኛ ክፍል። ከደመወዝ ቆጥበን፣ ዕቁብ ጥለን፣ ከዘመድም ተበድረን የያዝናት ገንዘብ ከሁለት ቤቶች አንዱን ትገዛለች። አንደኛው የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለተኛው ለገጣፎ፣ 150 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ጓሮ ያለው ቤት ነው። የዋጋ ልዩነታቸው ጥቂት ነው። የገረመኝ ግን ሁለቱንም ያሳየን ደላላ ከመኝታ ክፍሉ፣ ከውሃው፣ ከካርታው በፊት የጠራልን ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በሁለቱም ቦታ ስመ ጥር ትምህርት ቤት አለ፤ በሁለቱም ቦታ ከበር እስከ በር 5 ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ጠየቅሁ። ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ወጥታችሁ የገዛችሁ ሰዎች፣ ቤቱን የመረጣችሁት ትምህርት ቤቱን አይታችሁ ነው ወይስ ከገባችሁ በኋላ ነው ትምህርት ቤት የፈለጋችሁት? የምንኖርበት ወረዳ ልጁ የሚማርበትን ይወስናል? የትምህርት ቤት ስምስ ቤት እስከ መግዛት የሚያደርስ እምነት ይጣልበታል?

ምላሾቹ

ቁጥር 1 መልስ አልነበረውም። ከእኔ ባልተለየ ጭንቀት ላይ እንዳለ ነግሮኝ አብሮኝ ሊጠብቅ ተቀመጠ። አሁንም እየጠበቀ ይመስለኛል።

ቁጥር 2 አባዶ ከገባች ስድስት ዓመት የሆናት እናት ናት። ስለ ትምህርት ቤት ጠይቄ ስለ እንቅልፍ መለሰችልኝ። ስትዛወር ልጆቿን ከለመዱት ላለማውጣት ብላ መገናኛ አካባቢ የነበሩበት የግል ትምህርት ቤት አቆየቻቸው። ሰርቪሱ መጀመሪያ የሚጭነው ከሁሉ ርቀው ያሉትን ስለሆነ ልጆቿ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይቀሰቀሱ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 በር ላይ ይቆማሉ፤ ትምህርት የሚጀመረው ግን 2 ሰዓት ነው። ማታ ደግሞ መጨረሻ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ታናሽየዋ ምሳ ዕቃዋን እንደታቀፈች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ እየተኛች የቤት ሥራ የሚባለው ነገር ቀረ። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ እናትየዋ እጅ ሰጠች፤ ሁለቱንም ከብሎኳ ጀርባ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አዛወረቻቸው። ክፍሉ ጢም ያለ መሆኑን አልሸሸገችኝም። ልጆቹ ግን ጠግበው ተኝተው በእግራቸው ይሄዳሉ። ከመግዛቴ በፊት አንድ ዓመት እዚያው ተከራይቼ እንድሞክረው መከረችኝ። ይህቺን ምክር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ የሕግ ሰው ያነሣታል።

ቁጥር 3 ደላላ ነው። ሥራውን አልደበቀም፣ በዚህ አከብረዋለሁ። እንደ እሱ አባባል ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ቤት ሲሸጥም ሲከራይም ደንበኛ አያጣም፤ ልጅ የሌለው ሰው እንኳ ነገ ለሚሸጥለት ሲል እዚያ ቢገዛ አይከስርም። እስከዚህ ድረስ የሚከራከረው ያለ አይመስለኝም። ስለ 5 ደቂቃው ስጠይቀው ግን የለካው እሑድ ጠዋት፣ በመኪና፣ መሆኑን አመነ። የሐበሻ ቀጠሮ ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን እንጂ የደላላ ደቂቃም የራሷ ዘመን አቆጣጠር አላት።

ቁጥር 4 ላይ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች 34 ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ እናት ገቡ። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ከሁሉ የረዘመው መልስ የእሳቸው ነው፤ ከጠቀሙኝ ሦስት መልሶችም አንዱ ነው። እሳቸው በሠሩባቸው ትምህርት ቤቶች እስከዚህ መንገድ ያለው ልጅ የእኛ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የእነዚያ የሚል ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። ቦታ ሲኖር የመጣው ሁሉ ይመዘገባል። ቦታ ሲጠብ ግን ቅድሚያው ለአካባቢው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪነት የሚታወቀውም በወረዳው መታወቂያ ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚሰመረው ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወላጅ ሰልፍ ይዞ ተራው ሲደርስ። ቤቱን ገዝቼ መታወቂያዬ ገርጂ ከቀረ ለመዝጋቢዋ እኔ ገና የገርጂ ሰው ነኝ። ከድሮው ወረዳ መሸኛ፣ የሁለቱንም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከነበሩበት ትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ ሰልፉ ሳይጀመር እንድይዝ አዘዙኝ። አዘዙኝ ያልሁት አውቄ ነው፤ መምህርነት ጡረታ አይወጣም።

ስለ ስም የጻፉት ደግሞ ሌላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤትን ስም የሚሸከመው ርእሰ መምህሩ ነው ይላሉ። ብርቱ ርእሰ መምህር ሲመደብ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግቢው ይለወጣል፤ ያረፈደ መምህር በር ላይ ይጠየቃል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ያገኛል። ሰውየው ሲዛወር ስሙ ጥቂት ዓመታት ያለ ባለቤቱ ይቆያል፤ ቤት ገዢው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ያንን የቀረውን ስም ነው። ከዚያ ወደ ድሮ ሄዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ወላጅ ለስማቸው ሲል ልጁን ከሩቅ አገር ይልክ ነበር እንጂ ቤቱን ተሸክሞ አይከተልም ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲባል ፊቱን ለሚያጨፈግግ ወላጅም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የደንብ ልብሱንም፣ ደብተሩንም፣ ምገባውንም የሚሸፍነው ከተማው ነው፤ ለሁለት ልጅ ይህ በቤት ብድር ክፍያ ላይ የሚታይ ገንዘብ ነው።

ቁጥር 5 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር ወንድማችን ነው። በእሱ አካባቢ ጥያቄዬ ጥያቄ አይሆንም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚደለደለው በቤት አድራሻ ነው፣ መስመሩም ካርታ ላይ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ድንበሩ በአንድ መንገድ መሀል ያልፋል፤ ወዲህና ወዲያ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋቸው ይለያያል። ትምህርት ቤቶቹ ከ10 ነጥብ የሚሰጥባቸው ድረ ገጽ አለ፤ ቤት የሚፈልግ ሰው ከወጥ ቤቱ በፊት ነጥቡን ያያል። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረኝ፤ ድንበሩ በየጊዜው እንደገና ይሰመራል። ለአንድ ትምህርት ቤት ብለው ዕዳ ገብተው የገዙ ወላጆች አንድ ቀን ሲነሡ ልጆቻቸው ለሌላ ትምህርት ቤት ተመድበው ያገኙታል። እሱም በዚህ ስጋት ውስጥ አልፏል። ቢሆንም ምክሩ ለትምህርት ቤቱ ብዬ እንድገዛ ነው።

ቁጥር 6 በቁጣ ነደደ። የሰው አገር ደንብ እየተነገረን ቤት እንደማንገዛ፣ እዚህ ልጅን የሚደለድለው አድራሻው ሳይሆን የአባቱ ኪስ መሆኑን፣ ገንዘብ ያለው ከአቃቂም ቢሆን ልጁን በሰርቪስ ሳር ቤት እንደሚያደርስ አስረዳ። የቁጥር 5ን ሰው ውጭ አገር መኖሩን እንደ ጥፋት ቆጠረበት። ነገሩ ትክክል ነበረ፣ አነጋገሩ ግን ለሰላምታ እንኳ ቦታ አልተወም። ደግሞም ያን ያህል ትክክል እንዳልነበረ የታየው ወዲያው ነው።

ምክንያቱም ቁጥር 7 መጣ። ለገጣፎ ከገባ 12 ዓመት ሆኖታል። በእኛም አገር መስመር አለ፣ ታክሲው ሳይቆም ነው የምትሻገረው አለኝ፤ በእርግጥ ይህን ያለው በረዥሙ ነው። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጋር ሆኖ የሸገር ከተማ አካል ሆኗል። ቤቱ ከአያት አንድ እርምጃ ቢመስልም ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያወጣው ክልሉ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተማሪያው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ጽሕፈቱም ቁቤ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል የፈለገ ወላጅ የትኛው ትምህርት ቤት እንዳለው፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚሄድ፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በአካል ሄዶ መጠየቅ አለበት።

የእሱ ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በአፋን ኦሮሞ ተምረዋል፤ ዛሬ በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳሉ፣ ይህንንም ሲጽፍ ኩራቱ ይታያል። 5ኛ ክፍል ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቱ ልጅ ግን ፊደልም ቋንቋም አንድ ላይ ተለውጦበት ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት በሰርቪስ ይመላለስ ጀመር። ስለዚህ የእኔን ጉዳይ ለሁለት ከፈለው። ለሴቷ ልጄ ለገጣፎ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ለወንዱ ግን የቤቱን ብቻ ሳይሆን የሰርቪሱንም፣ የግል ትምህርት ቤቱንም ዋጋ ቤቱ ላይ ደምሬ እንዳስብ ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ ወረቀት አውጥቼ ደመርሁት። ለገጣፎ ወዲያው ተወደደብኝ።

ቁጥር 8 ከኮዬ ፈጬ ነው፤ ቁጥር 5 ስለሚንቀሳቀስ ድንበር ያለው ነገር ለእሱ ተረት አይደለም። ዕጣ የወጣላቸው በአዲስ አበባ አስተዳደር በተሠራ ኮንዶሚኒየም ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ሲስማሙ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሆነ። ቤቱ ንቅንቅ ሳይል መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ሰውየው አላማረረም፤ ወሰን አካባቢ የሚገዛ ሰው ካርታው የተሰጠው በማን እንደሆነና ልጁ ነገ በየትኛው ቢሮ ሥር እንደሚፈተን ይጠይቅ ብሎ ብቻ አለፈ።

ከ9 እስከ 11 ያለውን አልዘረዝርም። የቋንቋ ነገር ሲነሣ የሚመጣው ሁሉ መጣ፤ ሁለቱ መልሶች ተነሥተዋል፣ የቀረውም ቢነሣ ባልከፋኝ። የሚያሳዝነው የቁጥር 7 ምክር በዚያ ጭቃ ሥር ሊቀበር ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ክሩን ወደ መስመሩ የመለሰችው ቁጥር 12 ናት። በሳቅ ነው የጀመረችው። ከሰሚት ወጣ ብሎ ካለ ሠፈር ቤት የገዙት አጥሩ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት አጥር ጋር ስለሚገናኝ ነበር። የመዝሙሩ ድምፅ እየተሰማቸው ቡና ይጠጣሉ፣ ልጇ ደወል ከተደወለ በኋላ እንኳ ወጥታ ትደርሳለች። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ላይ ወንበሮቹ በአይሱዙ ተጭነው ወጡ። ትምህርት ቤቱ ለካ ግቢውን የተከራየው ነው፤ የግቢው ባለቤት ለሕንጻ ሥራ ፈልጎት ውሉን አላደሰም። ዛሬ ልጇ ያንኑ ትምህርት ቤት በሰርቪስ እየተከተለችው ነው። ስለ መምህራኑ፣ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ምገባው ሁሉ ጠይቀው ግቢው የማን ነው የሚለውን አለመጠየቃቸው አሁንም ያስቃታል።

ቁጥር 13 መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፤ ሳቁ አልተዋጠላቸውም። ኪራይ በየጊዜው ሲጨምር ችሎ ማስተማርም፣ ወላጅ ክፍያ ጨመራችሁ ብሎ ሲጮህ መስማትም በእሳቸው ላይ መውደቁን አምርረው ጻፉ፤ መሬት ያለው ትምህርት ቤት ብቻ ይከፈት ቢባል በዚህ ከተማ ስንቱ ይቀር ነበር ብለውም ጠየቁ። ቁጥር 12 ይቅርታ ጠየቀች። መጠየቅ አልነበረባትም ባይ ነኝ።

ቁጥር 14 ከዚህም ይብሳል። ከሪል ስቴት የገዛው ገና ንድፍ እያለ ነው፤ በሽያጭ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል መናፈሻ፣ ክሊኒክና እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረበት። ቤቱን ተረከበ፤ ልጁም አደገ። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የእሱ ላሞች ግን ምድር ላይ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ተብሎ በተከለለው ሜዳ ላይ ጠዋትና ማታ ይግጣሉ። ውሉን ቢያገላብጥ ስለ ትምህርት ቤት አንድ መስመር አላገኘም፤ ቃሉ የነበረው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ቁጥሮች መጡ። ቁጥር 15 ቤት ለመግዛት የፈተና ውጤት እንጂ የሠፈር ወሬ አይሰማም የሚል ሰው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015 ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ የ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ መሆናቸውን አስታወሰን። ከዚያ በፊት በኩረጃ የተገነባ ስም ሁሉ በአንድ ፈተና እንደ ጉም ተነነ ባይ ነው። ስለዚህ ደላላው ስመ ጥር ያለኝ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከ2014 በፊት ነው ወይስ በኋላ? እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ ነበረ።

ቁጥር 16 ግን ሒሳቡን አፈረሰበት። መቶ በመቶ አሳለፍን የሚል ትምህርት ቤት ስንት ልጅ ተቀብሎ ስንቱን በመንገድ ላይ እንዳስወጣ አይነግርም። የወንድሟ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ አማካይ ውጤቱ ዝቅ ስላለ ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ፈልጉለት ተብሏል። ደካማውን አስቀድሞ ሸኝቶ ጎበዙን ማሳለፍ የአስተማሪ ሙያ አይደለም አለች። ቁጥር 15 በዚህ ተናዶ ጎበዝ መሰብሰብም ሙያ ነው ሲል፣ ቁጥር 17 ደግሞ ለሁለቱም ማታ ማታ በየቤቱ የሚዞሩትን አስጠኚዎች ማን ይቁጠራቸው ብሎ ሌላ በር ከፈተ። ጡረተኛዋ መምህርት ቁጥር 18 ላይ ተመልሰው ገላገሏቸው፤ ውጤት ማን እንደገባ ይነግርሃል፣ ማን ምን እንዳስተማረው ግን ክፍል ገብተህ ካላየህ አታውቅም የሚል ነው ሐሳባቸው። ቁጥር 15 ለእሳቸው መልስ አልሰጠም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም።

ቁጥር 19 ጀሞ የሚኖር አባት ነው፤ ጥያቄዬን ከሥሩ ነቀለው። እሱ ቤቱን ሲገዛ ስለ ጀሞ ትምህርት ቤቶች አንድም ቃል አልጠየቀም። ልጆቹ የሚማሩት ሜክሲኮ፣ ከቢሮው ጀርባ ነው። ጠዋት አብረውት ይወጣሉ፣ ማታ አብረውት ይገባሉ፤ ልጅ ቢታመም ከቤቱ ይልቅ ለቢሮው ይቀርባል። ለሠራተኛ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመረጠው በሥራ ቦታ ነው ባይ ነው። ብዙ ሰው ተስማማለት። እሱ ግን በዚያው መልሱ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሞ ውስጥ አብሯቸው ኳስ የሚጫወት አንድ ጓደኛ እንደሌላቸው ጻፈ። ማንም አላነሣውም፤ እኔን ግን እስካሁን ይከተለኛል።

ቁጥር 20 ባቡሩን አነሣ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ተጠቀሙበት ነው ምክሩ። ጠዋት ላይ የ7 ዓመት ልጅ ይዞ ተሳፍሮ እንደማያውቅ ያስታውቃል።

ቁጥር 21 ሲመጣ ክሩ ጸጥ አለ። ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች እናት ናት። በ2017 ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ ቤተሰቧ ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ምረጡ ያላት ደላላ፣ ያየችው ነጥብ፣ ያመዛዘነችው ሰርቪስ አልነበረም። ልጇ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጎረቤቱም፣ ከክፍል ጓደኞቹም፣ ከመምህርቱም ተለየ። አዲሱን ትምህርት ቤት አልነቀፈችም፤ እንዲያውም ሕንጻው ካዛንቺስ ከነበረው ይሻላል ብላለች። የጻፈችው ሌላ ነው። ልጇ እስከ ጥር ድረስ ማታ ማታ የድሮ ክፍሉን ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ይጠራ ነበር፣ እንዳይረሳው። ከዚህ መልስ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ሲመለሱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ይዘው ነው። ከ22 እስከ 25 ያለው ስለ ውሃ ነው፣ ስለ ጅብም ጭምር። አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚወጣው በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ ሮቶ የት ይቀመጣል፣ ጀሪካን የሚያወጣ ልጅ ስንት ይጠይቃል። ቁጥር 24 ለገጣፎ ዳር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልጅ ይዞ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሰው ዱላ ይያዝ ሲል፣ ቁጥር 25 የለገጣፎ ጅብ ከሰርቪሱ ሹፌር የበለጠ ሰዓት ያከብራል አለ። ቁጥር 7 በሠፈሩ ስም ተቆጣ። እኔ ሳቅሁ፣ ይቅርታ።

ቁጥር 26 ባለቤቴ ናት። እዚህ መድረክ ላይ መኖሯን አላውቅም ነበር። በጨዋ አነጋገር፣ አንቱ እያለች ነው የጻፈችልኝ፤ የሚያውቃት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጠያቂው በመክፈቻ ጽሑፋቸው አንድ ነገር ደብቀዋል አለች። ለገጣፎ ቤቱን ባየን ጊዜ ጓሮው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ጌሾው የት እንደሚተከል፣ የዶሮ ቤቱ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ለፋሲካ በግ የት እንደሚታሰር ለደላላው ሳስረዳ ነበር። ስለ ትምህርት ቤት የጠየቅሁት መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። ጥያቄውን እዚህ ያመጣሁትም መልስ ፈልጌ ሳይሆን ለገጣፎ የሚል ድምፅ ለመሰብሰብ እንደሆነ ጠረጠረች።

እሷ ግን በዚያው ሳምንት፣ ለእኔ ሳትነግረኝ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አባዶ ሄዳ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ለክረምት ትምህርት ክፍት ስለሆነ ገባች። ስሙን አልጠየቀችም። መጸዳጃ ቤቱን አየች፤ ውሃ ነበረው። በአንድ ወንበር ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ ጠየቀች፤ ሦስት ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ መምህር የሌለበት ክፍል ቆጠረች፤ አንድ አገኘች። ቁጥር 12ን አመስግና ግቢው የማን እንደሆነ መጠየቅ እዚህ እንደማያስፈልግ ጻፈች። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለእኔ ተወች፤ ለገጣፎ ከገባን ወንዱን ለሰርቪስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ከእኛ ቤት 11 ሰዓት የሚነሣ ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ቁጥር 27 ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው፤ ባለቤቴን ባርከው እኔን አለፉኝ።

ቁጥር 28 ያ የሕግ ሰው ነው። አንድ ዓመት ተከራይተህ ሞክር የሚለው የቁጥር 2 ምክር ጥሩ ሆኖ ሳለ እንዳለ እንደማይሠራ አረመ፤ በ1320/2016 አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም፣ ውሉም መመዝገብ አለበት። ይህ ግን ለእኔ እንደሚበጅ አከለ። የተመዘገበ ውል የያዘ ተከራይ ወረዳው ላይ ነዋሪ ነኝ ለማለት መጽሐፍ የያዘ ያህል ነው፤ ቁጥር 4 ያሉት መታወቂያም በዚያው መንገድ ይመጣል። ቁጥር 2 እርማቱን ተቀበለች፣ እሷ ስትከራይ አዋጁ አልወጣም ነበር። ቁጥር 29 ኮንዶሚኒየሙ ለመጀመሪያው ባለዕጣ ከተላለፈ 5 ዓመት መሙላቱን፣ የባንኩ ዕዳ ማለቁን አረጋግጥ አለ፤ በውክልና ብቻ የሚሸጥልህ ካለ ሽሽ። ይህን በአንድ መስመር ነው የጻፈው፣ በአንድ መስመር ይበቃል።

ቁጥር 30 ደላላው ተመልሶ ሦስተኛ ቤት ይዞልኝ መጣ፤ አያት ዞን ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ 3 ደቂቃ። ቁጥር 31 በየትኛው ቀን የተለካ 3 ደቂቃ ነው ብሎ ጠየቀው፤ እኔንም ለደላላው እስካሁን ምን እንደከፈልሁ ጠየቀኝ። 32 እና 33 ስለ ኮሚሽን ተጣልተው ክሩ እዚያ ቆሟል።

እንግዲህ የእኛ ነገር። ቤቱን አልገዛንም። አባዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የ2 ዓመት ውል ፈርመን ውሉን አስመዝግበናል፤ ልጆቹ ባለቤቴ ያየችው ትምህርት ቤት ይመዘገባሉ። የጓሮው ነገር ለጊዜው በረንዳ ላይ በሁለት የጤና አዳም ቆርቆሮ ተተክቷል። ትናንት መሸኛ ላወጣ የድሮው ወረዳችን ሄጄ ሲስተም የለም፣ ነገ ና ተባልሁ፤ ዛሬም ሄድሁ፣ ዛሬም የለም። ምዝገባው ሰኞ ነው። ቁጥር 31፣ ለደላላው እስካሁን ምንም አልከፈልሁም፤ የሁለት ማኪያቶ ግን ሒሳብ ከፍያለሁ።